የሚጮኸው ሌላ፣ የሚሰርቀው ሌላ፦ በቤት ኮምፒውተር ላይ ስለ ሰላይ ሶፍትዌርና ስለ ሐሰተኛ አንቲቫይረስ

(ደሴ ላይ ለቤት ኮምፒውተር ተጠቃሚዎች ከቀረበ ንግግር የተዘጋጀ ጽሑፍ)

እንደምን ዋላችሁ። ከደሴም፣ ከኮምቦልቻም፣ ከሐይቅም የመጣችሁ አላችሁ፤ እንኳን ደህና መጣችሁ። የዛሬው ጉዳያችን የቤት ኮምፒውተር ነው። ልጆች የሚያጠኑበት፣ አንዱ ሲቪ የሚጽፍበት፣ ማታ ፊልም የሚታይበት፣ ምናልባትም ዘመድ ከጂዳ ወይም ከዱባይ የላከው ያ አንድ ላፕቶፕ። ስለ መሥሪያ ቤት ኔትወርክ ሌላ ጊዜ እንነጋገራለን።

ሰው "ቫይረስ ገባብኝ" ብሎ የሚደነግጠው ስክሪኑ ላይ ቀይ ጽሑፍ ሲመጣ፣ ድምፅ ሲጮኽ፣ "37 ቫይረሶች ተገኝተዋል" ሲባል ነው። ይህ የሚጮኸው ነገር አብዛኛውን ጊዜ አስፈራርቶ ሊሸጥ ወይም ሌላ ነገር ሊያስጭን የመጣ ነው። እውነተኛው ሰላይ አይጮኽም። መስኮት አይከፍትም፣ ኮምፒውተሩንም ላያንቀራፍፈው ይችላል፤ መታወቅ ጥቅሙ አይደለምና። ስለዚህ ድንጋጤና አደጋ በአንድ ሰዓት አይመጡም። በደነገጣችሁበት ሰዓት የምትጫኑት ነገር ነው ብዙ ጊዜ እውነተኛውን ሰላይ የሚያስገባው።

ሰላይ ሶፍትዌር ስንል ሁሉም አንድ ዓይነት አይደለም። ቀላሉ ብራውዘራችሁን የሚጠልፈው ነው፤ መነሻ ገጹን ይቀይራል፣ ፍለጋችሁን ወደ ሌላ ቦታ ይወስዳል፣ ማስታወቂያ ያዘንባል። ያናድዳል፣ ግን ይታያል። ሁለተኛው ቁልፍ ሰሌዳ ላይ የምትጽፉትን የሚመዘግበው ነው። ሦስተኛው፣ ዛሬ ከሁሉም በላይ ልንሰጋው የሚገባን፣ መረጃ ዘራፊ የሚባለው ነው። ይህኛው ኮምፒውተራችሁ ላይ ተቀምጦ መኖር እንኳ አያስፈልገውም። አንድ ጊዜ ሲከፈት ክሮም ወይም ኤጅ ውስጥ ያስቀመጣችኋቸውን የይለፍ ቃሎች፣ ገብታችሁ የቆያችሁባቸውን አካውንቶች ኩኪ (ገጹ እናንተን የሚያስታውስበትን ትንሽ መረጃ)፣ የቴሌግራም ዴስክቶፕን ፋይሎች ጠቅልሎ ይልካል፤ አንዳንዱ ከዚያ ራሱን ያጠፋል። ሉማ የተባለውን ዘራፊ ማይክሮሶፍት ከፖሊስ ጋር ሆኖ በግንቦት 2017 ሲያስቆም፣ በሁለት ወር ውስጥ ብቻ ከ394,000 በላይ የዊንዶውስ ኮምፒውተሮች ተይዘው አግኝቷል።

ሐሰተኛ አንቲቫይረስ ደግሞ አዲስ ነገር አይደለም። ከሃያ ዓመት በፊት ገደማ ስፓይሸሪፍ፣ ዊንፊክሰር፣ ኤክስፒ አንቲቫይረስ የሚባሉ ነበሩ፤ ያልተደረገ ስካን አስመስለው ያሳያሉ፣ ከዚያ "ለማጽዳት ይክፈሉ" ይላሉ። የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን ዊንፊክሰርንና መሰሎቹን በሚሸጡት ላይ በ2001 ክስ መሥርቶ፣ በ2005 ፍርድ ቤቱ የ163 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ወስኗል። የታወቀ ስም መያዝም ዋስትና አይሆንም። ኦፊስ ዲፖ የተባለው ትልቅ የአሜሪካ የቢሮ ዕቃ መደብር ለደንበኞቹ "የኮምፒውተር ጤና ምርመራ" ያደርግ ነበር። ፕሮግራሙ የቫይረስ ምልክት አገኘሁ የሚለው ደንበኛው መጀመሪያ ላይ ከተጠየቃቸው አራት ጥያቄዎች ለአንዱ እንኳ "አዎ" ካለ ነው። ስካኑ ምንም ባያገኝም መልሱ ያው ነው። በ2011 መደብሩና ሶፍትዌሩን ያቀረበው ድርጅት በድምሩ 35 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማሙ። ኮምፒውተራችሁን ጥገና ቤት ስትወስዱ "ብዙ ቫይረስ አለበት" ብቻ ከተባላችሁ የቱ ፋይል፣ በየትኛው ፕሮግራም እንደተገኘ ጠይቁ። ጥሩ ባለሙያ ስሙን ያሳያችኋል።

እኛ ዘንድ ዓለም አቀፍ ካርድ ይዞ ኢንተርኔት ላይ የሚከፍል ሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ ሐሰተኛው አንቲቫይረስ ከወሎ ሰው ዶላር አያገኝም ብላችሁ ልትዝናኑ ትችላላችሁ። ስህተቱ እዚህ ላይ ነው። ከኛ የሚፈለገው አካውንት ነው፤ የተጠለፈ ቴሌግራም "ቸግሮኝ ነው፣ በቴሌብር ላክልኝ" ለማለት ይበቃል፣ ያውም በእናንተ ስምና ፎቶ።

አሁን በምን በኩል እንደሚመጣ እንይ። በቤት ኮምፒውተር ላይ በብዛት የሚያጋጥመው ሐሰተኛ ማስጠንቀቂያ ጭራሽ የተጫነ ፕሮግራም አይደለም፤ የብራውዘር ኖቲፊኬሽን ነው። ኳስ ወይም ፊልም በነጻ የሚያሳይ ገጽ ስትከፍቱ "ሮቦት አለመሆንዎን ለማረጋገጥ አላው የሚለውን ይጫኑ" ይላችኋል። ስትጫኑ የምትሰጡት መልእክት የመላክ ፈቃድ ነው። ከዚያ ገጹን ዘግታችሁት እንኳ በስክሪኑ የቀኝ ታችኛ ጥግ "የማካፊ ጥበቃዎ አልቋል" እያለ ይመላለሳል፤ ማካፊ የሚባለውን አንቲቫይረስ ጭናችሁ የማታውቁ ሰዎች ጭምር ይመጣባችኋል። መልእክቱን ሳትጫኑ ትንንሾቹን ፊደሎች አንብቡ፤ የብራውዘሩ ስምና የላከው ገጽ አድራሻ እዚያው አለ። ማጥፊያው ክሮም ላይ ሦስቱ ነጥቦች፣ ሴቲንግስ፣ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ፣ ሳይት ሴቲንግስ፣ ኖቲፊኬሽንስ ነው። እዚያ ፈቃድ ያላቸውን ገጾች ዝርዝር ታገኛላችሁ፤ የማታውቁትን ሁሉ አስወግዱ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ለዚህ ተብሎ ኮምፒውተሩ ፎርማት የተደረገበት ሰው ስንት አለ!

ሁለተኛው ስክሪኑን በሙሉ የሚይዘው ገጽ ነው። የማይክሮሶፍትን ምልክት ለጥፎ፣ ድምፅ እያሰማ፣ "ኮምፒውተሩን እንዳያጠፉ" ይላል። የሚሮጠው የስካን መስመር ሥዕል ነው፤ አንድ የኢንተርኔት ገጽ ሃርድ ዲስካችሁን ከፍቶ የመመርመር ፈቃድ የለውም። ኢስኬፕን ጫን አድርጋችሁ ያዙ፣ ሙሉ ስክሪኑን ይለቃል። ካልለቀቀ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጭናችሁ ታስክ ማናጀርን ክፈቱ፣ ብራውዘሩን መርጣችሁ ኤንድ ታስክ በሉት። መልሳችሁ ስትከፍቱት "የነበሩትን ገጾች ልመልስ?" ሲላችሁ እንቢ በሉ፤ እሺ ካላችሁ ያው ገጽ ይመለሳል።

ሦስተኛው አዲስ ነው፣ ተንኮሉም የባሰ ነው። ገጹ ሰው መሆናችሁን ለማረጋገጥ ብሎ ሦስት እርምጃ ያዛችኋል፦ የዊንዶውስን ቁልፍ ከ"አር" ጋር ተጫኑ፣ ኮንትሮልን ከ"ቪ" ጋር ተጫኑ፣ ከዚያ ኢንተር። ገጹ ሳታውቁት ትእዛዝ ኮፒ አድርጎ አስቀምጧል፤ እናንተ ፔስት አድርጋችሁ በእጃችሁ ታስፈጽሙታላችሁ። መረጃ ዘራፊውን ከኢንተርኔት አውርዶ የሚያስነሳው ያ አንድ መስመር ነው። ትእዛዙ ከባለቤቱ ስለመጣ አንቲቫይረሱ ሁልጊዜ አያስቆመውም። እውነተኛ ማረጋገጫ ሥዕል ያስመርጣል ወይም ምልክት ያስደርጋል፤ ከብራውዘሩ አያስወጣችሁም። ይህን ከፈጸማችሁት፣ ምንም ምልክት ባታዩም፣ ኋላ የምንለውን የይለፍ ቃል ሥራ ዛሬውኑ ጀምሩ።

"ፍላሽ ማጫወቻዎን ያድሱ" የሚለውን ደግሞ ባያችሁ ጊዜ ሳታመነቱ ዝጉት። ይህ ፍላሽ ዲስኩ አይደለም፤ በብራውዘር ላይ ቪዲዮ ያጫውት የነበረ ፕሮግራም ነው። ሠሪው አዶቢ ከታኅሣሥ 22 ቀን 2013 ጀምሮ አቁሞታል፤ የሚታደስ ፍላሽ የለም። ይህ ወጥመድ ለኛ ሰዎች ሩቅ አይደለም። በኅዳር 2010 የካናዳው የምርምር ማዕከል ሲቲዝን ላብ ባወጣው ሪፖርት፣ በውጭ አገር ያሉ ኢትዮጵያውያን ቪዲዮ ለማየት ሊንክ ተልኮላቸው፣ ገጹ ፍላሽ አድሱ ብሎ ሰላይ ሶፍትዌር ሊያስጭናቸው ሲሞክር እንደነበር ዘርዝሯል።

የቀረው መግቢያ ክራክ ነው፤ የሚከፈልበትን ፕሮግራም ያለ ክፍያ የሚያሠራው። ቴሌግራም ቻናል ላይ የሚለቀቁ የኦፊስ ማንቂያዎች፣ የጌም ክራኮች፣ በይለፍ ቃል የታሸጉ ዚፕ ፋይሎች። ዚፑ የተቆለፈው ለምን ይመስላችኋል? ስካነር ውስጡን እንዳያይ ነው። "ከመጫንዎ በፊት አንቲቫይረስዎን ያጥፉ" የሚል መመሪያ ሲያዩ ሰዎች እንደ ቴክኒክ ጉዳይ ይቆጥሩታል፤ እሱም ለዚያው ነው። ላይሰንስ ግዙ ብሎ መስበክ ቀላል ነው፤ የኪሳችንን ነገር እናውቃለን። ግን ለጽሑፍ ሥራ ሊብረኦፊስ በነጻ ይገኛል፣ የወርድ ፋይልም ይከፍታል። ዊንዶውሱም ቢሆን አክቲቬት ሳይደረግ ሲቀር የስክሪኑን ምስል መቀየር ይከለክላል፣ ጥግ ላይ ጽሑፍ ያሳያል እንጂ ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣው አንቲቫይረስ፣ ዲፌንደሩ፣ ይሠራል፣ አፕዴትም ይመጣለታል። ጽሑፉን ለማጥፋት ብላችሁ የምታመጡት አክቲቬተር ከጽሑፉ የከፋ ነው።

እውነተኛውን ማስጠንቀቂያ እንዴት እንለይ? ስክሪኑ ላይ ከወጣው መልእክት ጋር አትሟገቱ። ዝጉትና በራሳችሁ እጅ ስታርትን ከፍታችሁ "ዊንዶውስ ሴኩሪቲ" ብላችሁ ግቡ። ዲፌንደር በእርግጥ አንድ ነገር ካገኘ በፕሮቴክሽን ሂስትሪ ውስጥ ከነፋይሉ ስምና ቦታ ተመዝግቦ ታገኙታላችሁ። እዚያ ከሌለ፣ ሌላ አንቲቫይረስም ካልጫናችሁ፣ ያያችሁት ማስታወቂያ ነበር። የወረደ ፋይል ካጠራጠራችሁ ሳትከፍቱት ቫይረስቶታል ወደሚባለው ገጽ ስቀሉት፤ እስከ 650 ሜጋባይት ይቀበላል፣ በበርካታ አንቲቫይረሶች ያስመረምረዋል። የግል ሰነድ ግን አትስቀሉበት፣ የሚሰቀለውን ሌሎች መርማሪዎች ያዩታልና። የአንቲቫይረስን ስም ለማጣራት ደግሞ የጀርመኑ ኤቪ-ቴስትና የኦስትሪያው ኤቪ-ኮምፓራቲቭስ በየጊዜው የፈተና ውጤት ያወጣሉ፤ ስሙን ሰምታችሁት የማታውቁት "ማጽጃ" እዚያ ከሌለ ተዉት።

ወደ ማጽዳቱ እንግባ። ቅደም ተከተሉ ዋጋ አለው፤ አብዛኛው ሥራ የሚበላሸው ከመሃል ስለሚጀመር ነው።

መጀመሪያ ኢንተርኔቱን ቁረጡ፤ ዋይፋዩን ወይም የስልካችሁን ሆትስፖት አጥፉ። ሰላዩ እየላከ ከሆነ ይቆማል። ከዚህ በኋላ በዚያ ኮምፒውተር ላይ ምንም የይለፍ ቃል አትጻፉ። ቀጥሎ ሰነድና ፎቶ ብቻ ወደ ውጭ ዲስክ ገልብጡ። የፕሮግራም መጫኛዎችንና ዚፖችን አትገልብጡ፤ በሽታው ብዙ ጊዜ ያለው እዚያ ነው፣ ከዚያም "ከባክአፕ" ተመልሶ ይገባል።

ከዚያ ሴቲንግስ፣ አፕስ፣ ኢንስቶልድ አፕስ ውስጥ ገብታችሁ ዝርዝሩን በተጫነበት ቀን ደርድሩት። ችግሩ የጀመረበትን ሳምንት ታስታውሳላችሁ፤ በዚያ አካባቢ የገባውን ያላወቃችሁትን አስወጡ። "ድራይቨር አፕዴተር"፣ "ፒሲ ክሊነር"፣ "ሬጂስትሪ ክሊነር" የሚባሉትን ያለ ርኅራኄ አውጧቸው፤ ጥሩ የሚባሉትም ለቤት ኮምፒውተር አያስፈልጉም። ነገር ግን ኢንቴል፣ ሪልቴክ፣ ማይክሮሶፍት ቪዥዋል ሲ የሚል ስም ያላቸውን እንግዳ ስለመሰሏችሁ አትንኩ። ሪልቴክን ያወጣ ሰው ድምፁ ይጠፋበትና "ቫይረሱ ድምፄን በላው" ይላል።

ታስክ ማናጀር ውስጥ ስታርታፕ የሚለው ገጽ ኮምፒውተሩ ሲነሳ አብረው የሚነሱትን ያሳያል። የማታውቁትን በቀኝ ጠቅ አድርጋችሁ "ኦፕን ፋይል ሎኬሽን" በሉት። ቴምፕ በሚባለው ፎልደር ውስጥ የተቀመጠ፣ ስሙ ትርጉም የሌለው የፊደልና የቁጥር ድርድር የሆነ ፕሮግራም አጠራጣሪ ነው። አፕዳታ በሚባለው ፎልደር ውስጥ መሆኑ ብቻ ግን አያስወነጅልም፤ ቴሌግራም ዴስክቶፕም የሚቀመጠው እዚያ ነው።

ብራውዘሩ ላይ ኤክስቴንሽኖቹን፣ ማለትም በብራውዘሩ ላይ የተጨመሩትን ትንንሽ ፕሮግራሞች፣ ተመልከቱ። የኩፖን፣ የ"ፈጣን ፍለጋ"፣ የነጻ ቪፒኤን፣ የቪዲዮ ማውረጃ የሚሉት የታወቁ ጥፋተኞች ናቸው። ክሮም ሜኑ ግርጌ "በድርጅትዎ የሚተዳደር" የሚል ጽሑፍ በቤት ኮምፒውተር ላይ ካያችሁ፣ የትኛው ድርጅት? አንድ ፕሮግራም በዊንዶውሱ ውስጥ ደንብ አስገብቶ ኤክስቴንሽኑ እንዳይነሳ ቆልፎታል ማለት ሊሆን ይችላል። አንዳንድ ትክክለኛ አንቲቫይረስም ይህን ጽሑፍ ያመጣል፤ አንቲቫይረስ ካልጫናችሁ ግን ተጠራጠሩ። አድደብልዩክሊነር የሚባለው፣ ማልዌርባይትስ የተባለው ድርጅት የሠራው ነጻ መሣሪያ ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ጥሩ ነው፤ ትንሽ ፋይል ነው፣ መጫንም አያስፈልገውም።

አሁን ስካን። ከስካኑ በፊት ግን ብዙ ሰው የሚዘለው አንድ ቦታ አለ። ዊንዶውስ ሴኩሪቲ ውስጥ ቫይረስ ኤንድ ትሬት ፕሮቴክሽን፣ ማኔጅ ሴቲንግስ፣ ከታች ኤክስክሉዥንስ። ይህ ዲፌንደር "እዚህ አትይ" የተባለበት ዝርዝር ነው። ክራኮችና አክቲቬተሮች ራሳቸውን እዚህ ያስመዘግባሉ፤ አንዳንዴ ሲ ድራይቭን በሙሉ ያስገባሉ። ዝርዝሩን ባዶ ሳታደርጉ ሌሊቱን ሙሉ ስካን ብታደርጉ "ምንም አልተገኘም" ይላችኋል፤ የተከለከለውን አላየምና። እዚያው ገጽ ላይ ታምፐር ፕሮቴክሽን፣ ሌላ ፕሮግራም ዲፌንደርን እንዳያጠፋው የሚከለክለው፣ መብራቱን አረጋግጡ።

ዲፌንደሩ ያረጀ መረጃ ይዞ ከሆነ መታደስ አለበት። ለአፕዴቱ ብቻ ኢንተርኔቱን ለጥቂት ደቂቃ መክፈት ይቻላል። ካልፈለጋችሁ ወይም ጥቅላችሁ ካለቀ፣ የዲፌንደርን ማደሻ ፋይል ከማይክሮሶፍት ገጽ በሌላ ንጹሕ ኮምፒውተር አውርዳችሁ በፍላሽ ዲስክ ማምጣት ትችላላችሁ፤ ከ100 ሜጋባይት በላይ ነው። ከዚያ ፉል ስካን። በአሮጌ ሃርድ ዲስክ ላይ ሰዓታት ይወስዳል፣ ማታ አስነስታችሁ ተኙ። ካለቀ በኋላ ደግሞ ኦፍላይን ስካን የሚለውን አስከትሉ፤ ኮምፒውተሩ ሪስታርት ብሎ ዊንዶውሱ ሳይነሳ ይመረምራል፣ 15 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ዊንዶውስ ውስጥ ተደብቆ ስካነሩን የሚያታልል ነገር የሚያዘው በዚህ ነው። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ከሆነ መብራት እንደማይጠፋ እርግጠኛ የምትሆኑበትን ሰዓት ምረጡ፤ ይህን ደሴ ላይ መናገር ለቀባሪ ማርዳት ነው።

ለሁለተኛ አስተያየት የማልዌርባይትስ ነጻው ወይም የማይክሮሶፍት ሴፍቲ ስካነር ይበቃል። ሴፍቲ ስካነሩ ከወረደ ከ10 ቀን በኋላ አይሠራም፤ ፍላሽ ላይ አስቀምጣችሁ ከወር በኋላ "ተበላሸ" እንዳትሉ። ማልዌርባይትስ መጀመሪያ ላይ የ14 ቀን ሙከራ ይሰጣል፣ ሲያልቅ ግዙ ማለቱ አይቀርም፤ ባትገዙም ስካን ማድረጉና ማጽዳቱ በነጻ ይቀጥላል። ልዩነቱን እዩት፤ ሐሰተኛው አገኘሁ ብሎ ለማጽዳት ገንዘብ ይጠይቃል። ስካነር "ትራኪንግ ኩኪ" እያለ ብዙ ቢቆጥርባችሁም አብሽሩ፣ ኩኪ የማስታወቂያ መከታተያ እንጂ ፕሮግራም አይደለም። የተገኘውን ነገር ስታስወግዱ ኳራንቲን ምረጡ፤ ሳይጠፋ ለብቻው ይቆለፋል፣ በስህተት የተያዘ ፋይል ከሆነ መመለስ ይቻላል።

ሁለት ሙሉ አንቲቫይረስ ግን በአንድ ላይ አትጫኑ። እያንዳንዱ ሌላው የሚከፍተውን ፋይል ሲይዝ ኮምፒውተሩ ይጨናነቃል። ከውጭ የሚላኩ ላፕቶፖች ደግሞ የሙከራ አንቲቫይረስ ይዘው ይመጣሉ። ሙከራው ሲያልቅ ቢሮጥም አይታደስም፤ እሱ ስላለም ዲፌንደር ቦታውን ለቆ ይቀመጥ ይሆናል። አውጡት፣ ዲፌንደር ራሱ ይነሳል።

አስቸጋሪው ፕሮግራም አልወጣም ካለ ወይም ስካነሩን እየዘጋ ካስቸገረ ሴፍ ሞድ አለ፤ ዊንዶውሱ የግድ የሚያስፈልገውን ብቻ ይዞ የሚነሳበት ነው። ሺፍትን ይዛችሁ ሪስታርት በሉ፤ ትራብልሹት፣ አድቫንስድ ኦፕሽንስ፣ ስታርታፕ ሴቲንግስ፣ ሪስታርት፤ ቁጥሮቹ ሲመጡ 4ን፣ ኢንተርኔት ካስፈለገ 5ን ተጫኑ። ዲስኩ በቢትሎከር የተቆለፈ ከሆነ 48 አሃዝ ያለው ቁልፍ ሊጠይቃችሁ ይችላል፤ ቁልፉ ብዙ ጊዜ ማይክሮሶፍት አካውንታችሁ ውስጥ ይገኛል፣ አስቀድማችሁ ወረቀት ላይ ጻፉት።

ካጸዳችሁ በኋላ ኢንተርኔት እምቢ ቢል አትደንግጡ። ሰላዩ ትራፊኩን በራሱ በኩል እንዲያልፍ ፕሮክሲ አስገብቶ ነበር፤ እሱ ሲወጣ ፕሮክሲው ወደሌለ በር ይመራል። ሴቲንግስ፣ ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት፣ ፕሮክሲ፤ "ዩዝ ኤ ፕሮክሲ ሰርቨር" የሚለውን አጥፉ። ሪስታርት ባላችሁ ቁጥር ያው ነገር ተመልሶ ከመጣ ደግሞ ታስክ ስኬጁለርን ክፈቱ፤ በየሰዓቱ እንዲያወርደው የታዘዘ ሥራ ብዙ ጊዜ እዚያ ይገኛል።

ይህ ሁሉ ሆኖ ዲፌንደር አልነሳም ካለ፣ ወይም ገንዘብ በሚንቀሳቀስበት ኮምፒውተር ላይ መረጃ ዘራፊ ከተገኘ፣ አትታገሉ፤ ዊንዶውሱን እንደ አዲስ ጫኑ። ጥያቄው ከየት ነው የምትጭኑት ነው። ጥገና ቤት ውስጥ "ፎርማት" የሚባለው አንዳንዴ ዲፌንደሩ ተቆርጦ የወጣበት፣ ክራክ የተደረገ ዊንዶውስ ከፍላሽ መገልበጥ ነው። ከበሽታ ወደ በሽታ። በንጹሕ ኮምፒውተር ላይ የማይክሮሶፍትን ሚዲያ ክሪኤሽን ቱል አውርዳችሁ 8 ጊጋባይት ወይም ከዚያ በላይ ባለው ፍላሽ ላይ ራሳችሁ ሥሩት፤ ፍላሹ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል። ጥገና ቤት ከሰጣችሁም ስትረከቡ ዊንዶውስ ሴኩሪቲን ክፈቱ። ካልተከፈተ ወይም ከሌለ ገንዘቡን ሳትከፍሉ ጠይቁ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ብዙ ሰው አይሠራውም፤ ለኛ ግን ከማጽዳቱ ይበልጣል። ዘራፊው የይለፍ ቃላችሁን ወስዶ ከሄደ በኋላ ፋይሉን ማጥፋት ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ከስልካችሁ ወይም ከሌላ ንጹሕ ኮምፒውተር መጀመሪያ ኢሜይሉን ቀይሩ፤ የሌሎቹ አካውንቶች ሁሉ መመለሻ እሱ ነው። ቃሉን መቀየር ብቻ አይበቃም፤ የተሰረቀው ኩኪ ያለ ይለፍ ቃል ያስገባልና ከሁሉም መሣሪያ አስወጡ። ጉግል ላይ በሴኩሪቲ ሥር የገቡ መሣሪያዎች ዝርዝር አለ፤ የማታውቁትን ሳይን አውት በሉ።

ቴሌግራም ላይ ደግሞ ሴቲንግስ፣ ዲቫይስስ፣ "ተርሚኔት ኦል አዘር ሴሽንስ"። ይህን ከቆየው ስልካችሁ አድርጉት፤ ገና አሁን የገባ መሣሪያ የቀደሙትን ወዲያው ማስወጣት አይፈቀድለትም። ሌባው ቀድሞ ሳያደርገው ቱ-ስቴፕ ቬሪፊኬሽን አብሩ። ቴሌግራም ዴስክቶፕ ላይ ፓስኮድ ካበጃችሁ ፋይሎቹ ተመስጥረው ይቀመጣሉ፤ ተገልብጠው ቢወሰዱም እንዲሁ አይከፈቱም። የቴሌብር ወይም የባንክ ሚስጥር ቁጥራችሁን ሴቭድ ሜሴጅስ ውስጥ ወይም ዴስክቶፕ ላይ ጽፋችሁ ከነበረ እንደወጣ ቁጠሩት፤ ቀይሩ። ገንዘብ ከተወሰደ የስክሪን ፎቶ ይዛችሁ ወዲያው ለባንኩ ከዚያ ለፖሊስ አመልክቱ፤ ያለ ፈቃድ ኮምፒውተር ውስጥ መግባትና መረጃ መጥለፍ በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ወንጀል ነው። ይህ የትዳር ጓደኛን ኮምፒውተር ለመሰለል ለሚያስቡም ይሠራል።

ስለ ፍላሽ ዲስክ ባጭሩ። ፊልም አስጭናችሁ ስትመለሱ ፎልደሮቹ ሁሉ ሾርትከት ሆነው ካያችሁ አትጫኗቸው። ፋይሎቻችሁ አልጠፉም፣ ተደብቀዋል። ሾርትከቱን ስትጫኑ ፎልደሩም ይከፈታል፣ ቫይረሱም ኮምፒውተሩ ላይ ይጫናል፤ ስለዚህ ነው የማይታወቀው። ቪው ውስጥ ሂደን አይተምስን አብሩ፣ በፎልደር ኦፕሽንስም የሲስተም ፋይሎችን የሚደብቀውን ምልክት አንሱ። አንዳንዴ እውነተኛው ፋይላችሁ ስም በሌለው ፎልደር ውስጥ ይገኛል፤ ገልብጡትና ፍላሹን ፎርማት አድርጉ። ለፊልም አንድ ፍላሽ ለይታችሁ ሌላ ነገር አታስቀምጡበት። ኮፒ ቤት የሚታተም ሰነድ ካላችሁ ከስልካችሁ ወደ ኮፒ ቤቱ ቴሌግራም ላኩላቸው እንጂ በነሱ ኮምፒውተር የራሳችሁን ቴሌግራም አትክፈቱ።

ከተነሱት ጥያቄዎች ሁለቱን እንጨምር።

"ዊንዶውስ 10 ነው ያለኝ፣ ልጣለው ወይ?" ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ የደህንነት አፕዴት ጥቅምት 4 ቀን 2018 አቁሟል። ለተመዘገቡ የቤት ተጠቃሚዎች እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 የሚቆይ ተጨማሪ ፕሮግራም አለ፤ ሴቲንግስ ውስጥ ዊንዶውስ አፕዴት ላይ ምዝገባው ከመጣላችሁ ተመዝገቡ። ማሽኑ ዊንዶውስ 11ን የማይችል ከሆነና ሥራችሁ ብራውዘርና ጽሑፍ ብቻ ከሆነ ሊነክስ ሚንት የሚባለው የዊንዶውስ ምትክ በነጻ ይጫናል፤ 4 ጊጋባይት ራም ባለው ላይም ይሄዳል።

"ስላሽ (ያገለገለ) ላፕቶፕ ገዛሁ፣ ሻጩ ንጹሕ ነው ብሎኛል፣ ምን ልፈትሽ?" ምንም አካውንት ሳትገቡበት ዊንዶውስ ሴኩሪቲ መከፈቱን፣ ኤክስክሉዥንስ ባዶ መሆኑን፣ ሴቲንግስ ውስጥ በአካውንትስ ሥር ከናንተ ሌላ ተጠቃሚ አለመኖሩን እዩ። አኒዴስክ ወይም ቲምቪውወር የሚባሉ ከርቀት መቆጣጠሪያዎች ተጭነው ካገኛችሁ አስወጡ። ቀላሉና የሚሻለው ግን ሳትጠቀሙበት በራሳችሁ ፍላሽ ዊንዶውሱን እንደ አዲስ መጫን ነው። ስትጭኑ የድሮዎቹን ክፍልፋዮች በሙሉ አጥፉ፤ ዲ ድራይቭን "ፊልም አለበት" ብላችሁ ከተዋችሁት የሻጩ ክራኮችም እዚያው ይቀራሉ።